በቁልፍ የተሰፋው ዜማ

ከባለቤቴ ከይመር ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር የኮት ቁልፍ ፍለጋ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን እየዳኽን በስፌት መኪናው ሥር ገባን፤ እንደ ልማዳችን እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ። የምንፈልገው ጥቁር፣ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ ነው። ሦስት መርፌ፣ አንድ የጠመኔ ስባሪ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የጎረቤትን ድመት ወሰደችው ብዬ ያማሁበትን የክር ጥቅልል አገኘን። ቁልፉ ግን የለም። መካከል ላይ ስንገናኝ ግንባራችን ተጋጨ። ይመር እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ ግንባሩን እያሻሸ፣ «ግድ የለሽም፣ ለገበያ ቀን ይደርሳል» አለኝ።

በመካነ ሰላም ይህን ቃል ከይመር አፍ ያልሰማ ሰው ካለ ራቁቱን የሚሄድ መሆን አለበት። ልብስ ሰፊ ነበርና ሰው ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል፤ ይለካል፤ «ለገበያ ቀን ይደርሳል» ተብሎ ይሸኛል። የትኛው ገበያ እንደሆነ ግን ተናግሮ አያውቅም። የልብስ ሰፊ ቀጠሮና የሐምሌ ፀሐይ አንድ ናቸው፤ ብቅ ሲሉ ደስ ይላሉ እንጂ አይጠበቁም። ለራሱ ሠርግ እንኳ የዘገየ ሰው ነው። የሙሽራ ኮቱን ራሱ ልስፋ ብሎ፣ እኔን ለመውሰድ የአባቴ አገር ከላላ የደረሰው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነበር፤ ያውም ግራ እጅጌው በጊዜያዊ ስፌት ተይዞ። እኩዮቼ ከጠዋት ጀምሮ የመሸኛ ዜማዬን ሲያዜሙ ውለው ድምፃቸው ስለተዘጋ፣ በበቅሎ የወጣሁት በዝምታ ነው። አጎቴ፣ «ይቺ ልጅ ተዳረች ወይስ ተላከች?» ብለው ነበር።

ስለዚህ ሙሽራ የሆንኩበትን ዜማ ባለቤቴ አልሰማውም። ከዚያ ወዲያ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ሽሮ ስለቅምም፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ደብተር ሳርምም ሳላውቀው አንጎራጉረዋለሁ። ይመር መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ያዳምጣል። «አንቺኮ ሁልጊዜ ከመካከሉ ትጀምሪያለሽ፣ ሳትጨርሺም ትነሻለሽ። አንድ ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳልሰማው አልሞትም» ይለኝ ነበር።

ቁልፍና ዜማን ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ይህንኑ ጠይቆናል፤ ያውም ማኅተሙን አጠገቡ አስቀምጦ። ቀስ ብዬ ላውጋችሁ። ቀስ የምለው ለወግ ማዕረግ ብዬ አይደለም፤ ከይመር ወዲህ የሚያስቸኩለኝ ነገር ስለሌለ ነው።

ረሀቡ ቆላውን ነው የጀመረው። እኛ ደጋ ላይ ሆነን ጭጋጉ ከአባይ ገደል ሲወጣ እናያለን፤ በጭጋጉ ውስጥ ደግሞ ሰው ወደ ደሴ መንገድ ያልፋል። ኮቴ አይሰማም። ጭጋጉ ሲገፈፍ መንገዱ ባዶ ነው። አንዳንድ ጊዜ እውነት ሰው አልፎ ነበር ወይ ብዬ እጠራጠራለሁ፤ ከዚያ በአጥራችን ሥር የተቀመጠ አንድ ሰው አያለሁ።

ልብስ ሰፊ የረሀብን ነገር ከሐኪም ቀድሞ ያውቃል። መጀመሪያ አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ። ቀጥሎ ልብስ የሚያስጠብብ በዛ። ይመር ሜትሩን በሰው ወገብ ሲያዞር ቁጥሩን ጮክ ብሎ የመናገር ልማድ ነበረው፤ በዚያ ዓመት ተወው። ከዚያ የሚያስጠብበውም ቀረ፤ ልብሱን ሸጦት ነበራ። ተሰፍተው ባለቤት ያልመጣላቸውን ኮቶች ይመር ሣጥን ውስጥ አጣጥፎ አስቀመጠ፤ የስፌት መኪናውም ዝም አለ።

መኪናው ዝም ይበል እንጂ የይመር እግር ዝም አላለም። ሃያ ዓመት መርገጫ ሲረግጥ የኖረ እግር ነው። ራት ላይ ይረግጣል። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሲያስቀድስ ይረግጣል። ሰው ለማጽናናት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን እንኳ እግሩ ከጋቢው ሥር ረጅም ስፌት ይሰፋል። ጎረቤታችን እማማ ዘሀራ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የምንኖር እናቴ ናቸው ማለት ይቻላል፣ አንድ ቀን አይተውት፣ «ያረቢ፣ ይመር፣ ያለ ክር ስንት ክንድ ሰፋህ?» አሉት። ሳቀ። ግን ዓይኑ ወደ መኪናው ሄዶ ሲመለስ አየሁት። ያ ሰው ሥራ ካላገኘ እግሩ ይዞት እንደሚጠፋ ያን ጊዜ ገባኝ።

አብዮቱ መጣ፤ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ ዘማች ሆነው ወደየገጠሩ ተላኩ። ለእኛ ከደረሱን አንዱ ዮናስ ይባላል። ፀጉሩ እንደ ድፎ ዳቦ የነፋ፣ ቀጭን፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ከጭነት መኪና ሲወርድ ሱሪው ስለተቀደደ በአንድ እጁ ቀዳዳውን ይዞ፣ በሌላው ጊታር ተሸክሞ ወደ ቤታችን ገባ። ይመር፣ «ለገበያ ቀን...» ብሎ ሲጀምር ልጁ፣ «ሌላ ሱሪ የለኝም» አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመር ወዲያው መስፋት ግድ ሆነበት።

ዮናስ በእኔ ጋቢ ከወገቡ በታች ተጠቅልሎ መደብ ላይ ተቀመጠና ጊዜ ማሳለፊያ ጊታሩን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ከማርመው ደብተር ቀና ስል የባለቤቴ እግር ቆሟል። መርፌ የያዘው እጁ ሱሪው ላይ፣ አፉ ክፍት፣ እግሩ ጸጥ። ከስንት ወር በኋላ ያ እግር ሲያርፍ አየሁት።

«የኔታ፣ ይህን ነገር እንደኔ ያለ ሰው ይማረዋል?» አለ ይመር።

«የኔታ አይበሉኝ፣ ጋሽ ይመር። ጓድ ይበሉኝ።»

«እሺ፣ ጓድ የኔታ።»

በዚያው ተስማሙ። ዮናስ የሱሪው ውለታ እንዲሆን በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት ሊያስተምረው ቃል ገባ። ነገር ግን ይመር በልጅነቱ ሁለት ዓመት መሪጌታ ዘንድ ዜማ ተምሮ ስለነበር መምህር ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ልጁ ሲገባ ብድግ ይላል፤ ዓይኑን ቀና አድርጎ አያየውም፤ ውኃና ሳፋ ይዞ እግሩን ሊያጥበው ይንበረከካል። ፊውዳሊዝምን ሊያጠፋ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ልጅ እግሩን በአባቱ እኩያ ሲታጠብ አስቡት።

«ጋሽ ይመር፣ ይህ የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ ነው» አለ እግሩን እየሰበሰበ።

«ይሁን የኔታ። እግርዎ ግን ጭቃ ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት ዮናስ ቀድሞ ሳፋውን ያዘ። «እኔ የጋሽ ይመርን እግር አጥባለሁ» አለ። ይመር፣ መምህሬ እግሬን ካጠበኝ ትምህርቱ ይነጥፍብኛል አለ። ሁለቱ አንድ ሳፋ ግራና ቀኝ ይዘው «እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ» ሲባባሉ ውኃው የኔ የተማሪ ደብተሮች ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የራሱን እግር እንዲታጠብ ፈረድኩ። በቤታችን እኩልነት የተመሠረተው እንዲህ ነው።

ትምህርቱ ሲጀመር ዮናስ የይመርን ግራ እጅ አይቶ ተደነቀ። የጊታር ክር የጀማሪን ጣት ያቆስላል፤ የይመር ጣቶች ግን ሃያ ዓመት በመርፌ ሲወጉ ኖረው ጫፋቸው እንደ ጫማ ሶል ሆኗል። ክሩን ሲጫን ምንም አይሰማውም። ችግሩ እግሩ ነው። ዮናስ፣ «ምቱን በእግርዎ ይጠብቁ» አለው። ይህ የሰማሁት ትልቁ ስሕተት ነው። ይመር ሁለት ምት በቀስታ ይጀምራል፤ በሦስተኛው እግሩ የለመደውን መርገጫ ያገኛል፤ በስድስተኛው ላይ ጊታሩ እየተተረተረ ነው። የኀዘን ዜማ ቢሆን፣ የፍቅር ዜማ ቢሆን፣ ሁሉም የሱሪ ጎን ሲሰፋ የሚሰማውን ድምፅ ይሰጣል።

«ቀስ፣ ጋሽ ይመር፣ ቀስ።»

«እኔ ቀስ ብያለሁ የኔታ። የሚሮጠው እሱ ነው» ይላል ወደ እግሩ እያመለከተ።

እኔ ደብተር እያረምኩ ሳላስበው በእርሳሴ ጠረጴዛውን እመታ ነበር። ዕድሜዬን ለሕፃናት ሀ ሁ ሂ በጭብጨባ ያስተማርኩ ነኝ፤ ምት ስትጠፋ ጥርሴን ያመኛል። ዮናስ ዘወር ብሎ እርሳሱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። «እትዬ፣ እስቲ ይምጡ» አለ።

እንዲህ ሆኖ አንድ ጊታር ለሁለት ተካፈልን። መደቡ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ ይመር በግራዬ ሆኖ የጊታሩን አንገት ይይዛል፣ ክሩን ይጫናል። እኔ ሆዱን ጭኔ ላይ አሳርፌ በቀኝ እጄ እመታለሁ። ግራ እግሬን ደግሞ በእሱ እግር ላይ እጭናለሁ፤ ይህ የትምህርቱ ክፍል ነው። እማማ ዘሀራ እሳት ሊጭሩ ገብተው በር ላይ ቆመው ቀሩ።

«ወላሂ፣ አንድ በግ ለሁለት የምትሸልቱ ነው የምትመስሉት» አሉ። «በጉስ ዝም ብሎ ይቀመጣል?»

«አይቀመጥም እማማ» አለ ይመር። «እሷ ናት የምትይዘው።»

ድምፅ ግን ወደ ውጭ አናወጣም ነበር። የእማማ ዘሀራ ወንድም ከቆላ ወደ እሳቸው ሲመጣ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ቤት ወዲያ ያለውም ቤት፣ ማዶ ያለውም ቤት ለቅሶ ነው። በዚያ መካከል ጊታር ማስጮኽ ነውር ነው። ስለዚህ ይመር አንድ ቁራጭ የኮት ገበር አጥፎ ከክሮቹ ሥር ወተፈው። ጊታሩ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ድምፅ ሩቅ ሣር ቤት ላይ የሚጥል ካፊያ ይመስላል። በሩን እንዘጋለን፤ ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ይቆማል፤ ሦስታችን ጆሯችንን ወደ አንድ እንጨት አዘንብለን ከሰዓቱ ያልፋል። ከእነዚያ ቀናት ውስጥ የትኛው ማክሰኞ፣ የትኛው ዓርብ እንደነበር ዛሬ መለየት አልችልም። አንድ ረጅም ከሰዓት ነው የሚመስለኝ።

«እህል እስኪገባ ነው» አለ ይመር። «ምድሪቱ እህል ስትሰጥ ገበሩን አውጥተን፣ በሩን ከፍተን ያንቺን ዜማ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንጫወተዋለን።»

እማማ ዘሀራ ሰምተው ኖሯል፤ በግድግዳው በኩል፣ «ስትከፍቱት ንገሩኝ፣ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ» አሉ።

ዜማዬን ለዮናስ አንጎራጎርኩለት። እየፈለገ እየፈለገ በጊታሩ ላይ አገኘውና፣ «አምባሰል ነው» አለን። ከዚያ ንድፈ ሐሳብ የሚሉትን ማስተማር ያዘ። በሙዚቃ ውስጥ አሥራ ሁለት ድምፅ አለ፤ አምባሰል ከእነዚያ አምስቱን ብቻ ይወስዳል።

«ሰባቱስ?» አለ ይመር።

«ሰባቱ ይቀራሉ።»

«ቁራጭ ናቸው በለኛ። ልብስ ሰፊ ቁራጭ አይጥልም የኔታ። የት እናስቀምጣቸው?»

ዮናስ ብዙ አሰበ። ዩኒቨርሲቲ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም መሰል። «እዚያው ጊታሩ ላይ ይቆዩ፣ ለሌላ ልብስ ይሆናሉ» አለ በመጨረሻ። ይመር መምህሩ እውነተኛ መምህር መሆኑን ያመነው ያን ቀን ነው።

ኖታ መጻፍ ሲመጣ ወረቀት የለም። የዮናስ ደብተር በማይምነት ማጥፊያ ስም ዝርዝር ተሞልቷል፤ የኔ ደብተሮች በሳፋው ውኃ ተበላሽተዋል። ይመር ከመደርደሪያው አንድ ክንድ ተኩል ካኪ አወረደ። በጠመኔ አምስት መስመር አሰመረ፣ መኪናው ላይ ተቀመጠ፣ ረገጠ። ስንት ወር የዘጋ መኪና ድንገት ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ልብስ የሚያሰፋ ሰው የመጣ መስሏቸው ነበር። አንዲት ሴት፣ «ማን ነው የሚዳረው?» ብላ ስትጠይቅ በመስኮት ሰማኋት። ማንም አለመዳሩን የነገራት የለም፤ እስኪመሽ ድረስ ሰፈሩ በዚያ ደስ ብሎት ዋለ።

በመስመሮቹ ላይ ኖታው ቁልፍ ሆነ። ባለቤት ካልመጣላቸው ኮቶች እየፈታ፣ ረጅሙን ድምፅ ነጭ ቁልፍ፣ አጭሩን ጥቁር ቁልፍ አደረገው። በየትኛው ጣት እንደሚጫን ደግሞ ቁልፉ የተሰፋበት ክር ይናገራል፤ ሌባ ጣት ቀይ፣ መሃል ጣት ቢጫ፣ የቀለበት ጣት አረንጓዴ፣ ትንሿ ጣት ሰማያዊ። የኔ እጅ አልተሰፋም። «ያንቺ በራስሽ ውስጥ አለ፣ የሚጠፋው የኔ ነው» አለኝ።

በክረምቱ ጣራው አፍስሶ ካኪውን አራሰው። እኔ ሞኟ፣ በአንድ የፀሐይ ብልጭታ አጥር ላይ አሰጣሁት። ሊቀመንበሩ በዚያ በኩል አለፈ።

ይህ ሰው ከአብዮቱ በፊት ቅቤ ነጋዴ ነበር። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ይመር ዘንድ ሙሉ ልብስ አሰፍቶ ሱሪው ብቻ ደርሶታል። ሊቀመንበር ሆኖ ሲመረጥ የይመርን ሱሪና የወንድሙን ኮት ለብሶ ነው የማለው፤ እጅጌው ጣቱን ይሸፍን ስለነበር ቀኝ እጁን ማንሳቱን ያየ የለም። አሁን አጥራችን አጠገብ ቆሞ ቁልፎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከሰዓት ሦስታችንም ከነካኪው፣ ከነጊታሩ ቀበሌ ተጠራን።

ያን ጊዜ መጠራት ቀልድ አልነበረም። ተጠርቶ የዘገየ ነበር፤ የዘገየው ሁሉም አልተመለሰም። መንገዱን ስንሄድ የይመር እጅ እጄን ያዘ፤ በሰው ፊት ይዞኝ አያውቅም።

ካኪው ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ሊቀመንበሩና አራት የኮሚቴ ሰዎች ዙሪያውን ተቀመጡ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዜማ ነው» አለ ይመር።

«ዜማ በጆሮ ነው የሚሰማው። ይህን እኔ በዓይኔ ነው የማየው። መስመሮቹ ምንድን ናቸው?»

«ቦታ ናቸው። እያንዳንዱ በየቦታው እንዲቀመጥ ነው።»

«ማን ነው የሚቀመጠው? ነጮቹ እነማን ናቸው?»

«ነጮቹ ቆየት ይላሉ፤ ጥቁሮቹ ቶሎ ቶሎ ይሄዳሉ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊው ዘወር አለ። «ጻፍ። ቶሎ ቶሎ ይሄዳሉ።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክሮቹን መረመረ። «አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ይህ ይገባኛል። ሰማያዊዋ የማን ናት?»

«ትንሿ ጣቴ ናት» አለ ይመር ጣቱን አውጥቶ እያሳየ።

ዮናስ ሊያግዘን ብድግ አለና፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ የሙዚቃ አጻጻፍ ከአውሮፓ የመጣ ነው» አለ። ጸሐፊው ይህንንም ጻፈ። ልጁ የተናገረውን ሰምቶ ራሱ ተቀመጠ።

«እንግዲያው ይጫወቱትና እንስማው» አለ ሊቀመንበሩ።

ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ ገበሩን አይቶ፣ «ጨርቁ ምንድን ነው? ይውጣ» ሲል ይመር ቀና ብሎ፣ «ሰፈር ሐዘን አለ ጓድ። እህል እስኪገባ አናወጣውም» አለው። ሊቀመንበሩ አልተቆጣም። ለቅሶው በእሱም ቤት ነበር። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ፤ የኮሚቴው ሰዎችም ሳቡ። አልሰማ ሲላቸው ጎንበስ አሉ። አምስት ራስ አንድ ጊታር ላይ ተደፋ፤ የሊቀመንበሩ ጆሮ ከእጄ አንድ ስንዝር ነው፤ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እኔም እግሬን በይመር እግር ላይ ጭኜ ጀመርኩ።

ያ ዜማ በዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከከላላ ወጥቼ የሄድኩበት መንገድ ሁሉ፣ የበቅሎዋ አንገት፣ ድምፃቸው የተዘጋ እኩዮቼ ደጅ ላይ ቆመው ታዩኝ። ከኮሚቴው አንዱ ዓይኑን ጨፈነ። በአራተኛው መስመር ላይ እኔም ተዘናግቼ እግሬን አነሳሁ፤ የይመር እግር ነፃ ወጣ። ግራ እጁ እንደ ንፋስ ይሄድ ጀመር፤ ቀኝ እጄ ተከተለ፤ ሊቀመንበሩ ጆሮውን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። በዚያው ፍጥነት ሄደን ሄደን ቁልፍ ያልተሰፋበት ቦታ ስንደርስ ቆምን።

«መጨረሻውስ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ይመር ላቡን ጠርጎ፣ ከልማድ፣ «ለገበያ ቀን ይደርሳል» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ጸሐፊው ነው። ሁለት ዓመት ሸሚዝ ሲጠብቅ ነበር። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ያልዘገየበት ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ብቻ አልሳቀም። የራሱን ሱሪ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይህ ሰው ሰላይ አይደለም» አለ። «ሰላይ ቢሆን ቀጠሮ ያከብር ነበር።»

እንሂድ ብለን ስንነሳ ግን፣ «ለናሙና አንድ ቁልፍ ይያዝ» አለ። ፋይል ከተከፈተ የሆነ ነገር መግባት አለበት። እጁን ወደ ካኪው ሲዘረጋ ይመር ቀደመው። ከኪሱ አንድ ጥቁር ቁልፍ አወጣ፤ ለዜማው መጨረሻ ድምፅ ያስቀመጣት ነበረች። «የተሰፋ ከሚነቀል ይህን ውሰዱ» አለ። ቁልፏ ወረቀት ላይ በመርፌ ተያዘች፤ ማኅተም ተመታባት።

እህል ሳይገባ ዮናስና ጓደኞቹ ተጠሩና ሄዱ። ጊታሩን፣ «ስመለስ ትሰጡኛላችሁ» ብሎ ትቶልን ነው። ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ መልስ አልመጣም። ይመር ቀሪውን ሰፋ። አንዲት የመጨረሻ ድምፅ ስትቀር ጥቁር የኮት ቁልፍ አለቀ፤ ያን ጊዜ ነው በስፌት መኪናው ሥር የዳኽነው።

ስናጣ ነጭ ሰጠሁት። «ነጭ ከሆነ ይረዝማል» አለ። ባለ ሁለት ቀዳዳ የሸሚዝ ቁልፍ ሰጠሁት። «ኮት ላይ የሸሚዝ ቁልፍ? ሰው ምን ይለኛል» አለ። አሥራ አምስት ዓመት ሰነፍ ይመስለኝ ነበር። የሚዘገየው ትክክለኛው እስኪመጣ ስለሚጠብቅ መሆኑን ያየሁት ያን ቀን፣ ግንባሬ እየጠዘጠዘኝ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው።

በማግሥቱ ንዳድ ያዘው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የሚችለውን አደረገ። በአራተኛው ቀን ሞተ። በዚያ ወቅት ብዙ ሰው እንዲህ ሞቷል፤ ስለ እሱ ብቻ አብዝቼ ማውራት አልችልም።

አርባው ካለፈ በኋላ ሊቀመንበሩ መጣ። ባርኔጣውን ይዞ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ፤ ቁልፏ ከነማኅተሟ እዚያው ላይ ናት።

«ፋይሉ ተዘግቷል» አለ። «ለገበያ ቀን አመጣዋለሁ ብዬ ነበር። ዘገየሁ።»

ሣጥኑን ከፈትኩና የሱን ኮት አወጣሁለት። አልቆ ኖሯል፤ እጅጌው፣ ገበሩ፣ ሁሉም። ቁልፍ ብቻ የለውም። ቁልፎቹ የት እንዳሉ ለማሳየት ወደ ግድግዳው አመለከትኩ፤ ካኪው ተሰቅሏል። ኮቱን ለበሰ፤ ልክ ሆነለት። ቁልፎቹን ልፍታለት መቀስ ሳነሳ እጁን ዘረጋ።

«ተዪው እታለም። ከፍቼ እለብሰዋለሁ።»

ዛሬም በብርድ፣ በስብሰባ ላይ፣ ኮቱን ከፍቶ ይሄዳል። ምክንያቱን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

የመጨረሻዋን ቁልፍ በቀይ ክር ሰፋሁ። በኅዳር እህል ገባ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ገባ። ለእማማ ዘሀራ ነገርኳቸውና በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ገበሩን ከክሮቹ ሥር አወጣሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ቀኝ እጄን አሳረፍኩ። ከዚያ ግራ እጄ ምንም እንደማያውቅ ገባኝ። ዜማው ግማሹ የኔ ነበር፤ ግማሹ ግድግዳ ላይ ነው።

«አብሽሪ» አሉ እማማ ዘሀራ። «ጣትሽ ደማ?»

«ደማ።»

«የሱ ግን አይደማም ነበር። እንግዲህ መቼ ያልቃል?»

«ለገበያ ቀን ይደርሳል» አልኳቸው።

አሁን ጠዋት አስተምራለሁ። ከሰዓት በሩን ከፍቼ፣ ካኪውን ፊቴ ሰቅዬ፣ የይመርን እጅ እለማመዳለሁ።